አንዱ ሲቆም ሌላው ሲያልፍ፦ ጎብኚ በሚበዛበት መንገድ ስለመሻገር ለአንባቢያን የተሰጠ መልስ

ሐውልት፣ የባሕር ዳርቻ ወይም የድሮ ገበያ ባለበት ጎዳና ሹፌሩም እግረኛውም ብዙ ጊዜ ለቦታው እንግዳ ናቸው። አንዱ የሆቴሉን ስም ሲፈልግ፣ ሌላው ፎቶ ለማንሳት ቀና ሲል ዜብራው ላይ ይገናኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በመንገድ አደጋ ከሞቱት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች 23 በመቶው እግረኞች ነበሩ። በዚህ እትም በጉዳዩ ላይ ለደረሱን አምስት ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን።

ጥያቄ፦ ጎብኚዎችን የማመላልስ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ዜብራ ላይ ለእግረኛ ስቆም ከኋላዬ የሚመጣው መኪና በጎኔ አልፎኝ ይሄዳል። በእኔ መቆም ሰው እንዳይገጭ እሰጋለሁ። ዝም ብዬ ባልፍ አይሻልም?

መልስ፦ መቆሙን አይተዉ። መለወጥ ያለበት የሚቆሙበት ቦታና አቋቋምዎ ነው። በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ ባለው መንገድ ላይ ከሚደርሱት የዜብራ አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ እርስዎ የገለጹት ነው። ሚኒባስ ቁመቱ ከሰው ስለሚበልጥ፣ ዜብራው አፍንጫ ላይ ሲቆም በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣውን ሹፌር ከእግረኛው ይጋርደዋል። እግረኛው ደግሞ እርስዎ ስለቆሙለት መንገዱ በሙሉ የቆመለት ይመስለውና ፊት ለፊትዎ ሳይፈራ ይራመዳል። ሁለቱ የሚተያዩት ከመኪናዎ ጠርዝ ሲወጡ ነው። ያኔ ደግሞ ጊዜ የለም።

ስለዚህ መንገዱ ባለ ሁለት ረድፍ ከሆነ ከዜብራው ቢያንስ 6 ሜትር ወደኋላ ቀርተው ይቁሙ። ከዚህ ርቀት በጎን የሚመጣው ሹፌር እግረኛውን ቀድሞ ያየዋል፤ እግረኛውም አንገቱን ብቅ አድርጎ ለማየት ቦታ ያገኛል። ፍሬኑን በአንዴ አይርገጡት። ከ40 እስከ 50 ሜትር ሲቀርዎት ቀስ ብለው ነካ ነካ ያድርጉት፤ የኋላ መብራትዎ ሲበራና ሲጠፋ ተከታዩ ምክንያት እንዳለ ይገባዋል። በድንገት የቆመን መኪና ግን «ተበላሽቶ ነው» ወይም «ሰው ሊያወርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ጎብኚ በሚበዛበት ሰፈር ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ትክክል ስለሚሆን ልማድ ሆኗል። ቆመውም ስፖኪዮዎን ይመልከቱ። በጎን የሚመጣ መኪና ፍጥነት ካልቀነሰ፣ እግረኛው ከመኪናዎ ጥግ ከመውጣቱ በፊት ክላክስ ይንኩለት።

ለሚያልፍዎት ሹፌርም የሚነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ ዜብራ ፊት የቆመን መኪና የሚቀድም ሰው እግረኛ ቢያጋጥመው ወዲያው መቆም በሚችልበት ዝቅተኛ ፍጥነት ካልሆነ እንዳይቀድም ይከለክላል። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 13.9 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ 1 ሰከንድ ቢፈጅ 14 ሜትር ያህል ፍሬን ሳይነካ አለፈ ማለት ነው። በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያስፈልገዋል፤ በድምሩ 28 ሜትር። በሰዓት 30 የሚሄደው ግን በ13 ሜትር ያህል ሙሉ በሙሉ ቆሟል። ባለ 30ው ቆሞ በጨረሰበት ቦታ ላይ ባለ 50ው ገና ፍሬን አልነካም፤ እግረኛው እዚያ ቢኖር የሚያገኘው ሙሉውን 50 ነው። የግጭቱ ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ30ው ጋር ሲነጻጸር 2.8 እጥፍ ያህል ይሆናል። ዝናብ ካለ የመቆሚያው ርቀት 35 ሜትር አካባቢ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ቆሜ እግረኛውን በእጄ «እለፍ» ብለው ነውር አለው?

መልስ፦ ነውር ሳይሆን አደጋ አለው። እርስዎ ማረጋገጥ የሚችሉት የራስዎን ረድፍ ብቻ ሲሆን፣ እግረኛው ግን የእጅዎን ምልክት የመንገዱ ሁሉ ፈቃድ አድርጎ ይወስደዋል። ሙሉ በሙሉ ቆመው ይጠብቁ፤ ውሳኔው የእሱ ይሁን። መብራት ማብለጭለጭ ደግሞ ይብሳል፦ በአንዳንድ አገር «እለፍ»፣ በሌላው «መጣሁ፣ ዞር በል» ማለት ነው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ የትኛውን እንደሚረዳ ማወቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። አንዳንዴ 30 ሰው ይዤ ዋና መንገድ አሻግራለሁ። ሁልጊዜ ጅራቱ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሩ የሚጀምረው ከመሻገራችሁ በፊት፣ ጠርዙ ላይ በተሰለፋችሁበት መንገድ ነው። 30 ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ቢሰለፍ 15 ረድፍ ይሆናል። በየረድፉ መካከል 1.2 ሜትር ቢኖር ሰልፉ 17 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሰው በተለመደው እርምጃ በሰከንድ 1.2 ሜትር ስለሚሄድ፣ የመጨረሻው ረድፍ ጠርዙን የሚለቀው መጀመሪያው ከጀመረ 14 ሰከንድ በኋላ ነው። 7 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለመጨረስ ሌላ 6 ሰከንድ ጨምሩበት፤ 20 ሰከንድ። አረንጓዴው ይህን ያህል ላይቆይ ይችላል፤ መብራት በሌለበት ዜብራ ደግሞ 20 ሰከንድ የቆመ ሹፌር መኪናውን ወደፊት መግፋት ይጀምራል።

ያው 30 ሰው ጠርዙ ላይ በስፋት፣ አራት አራት ሆኖ ቢቆም 8 ረድፍ ብቻ ነው። ጅራቱ በ7 ሰከንድ ይነሳል፤ ሁሉም በ13 ሰከንድ ይጨርሳል። ዜብራው ለአራት ሰው የሚበቃ ስፋት ከሌለው ቡድኑን ለሁለት ይክፈሉት፤ ሁለተኛው ግማሽ ቀጣዩን አረንጓዴ ይጠብቅ። «ሩጡ፣ ድረሱብን» ብሎ መጥራት ግን ፈጽሞ አይገባም። ተጠርቶ የሚሮጥ ሰው የሚያየው ጠሪውን ነው እንጂ መኪናውን አይደለም።

እርስዎ ሁልጊዜ ከፊት መሄድ የለብዎትም። ከቡድኑ አንድ ንቁ ሰው ፊት ያስቀምጡና እርስዎ መኪና በሚመጣበት በኩል በጎን ይሂዱ፤ የመጨረሻው ሰው ጠርዝ ሲረግጥ እርስዎም ይወጣሉ። እጅዎን ዘርግተው ትራፊክ ለማስቆም ግን አይሞክሩ፤ በብዙ አገር ሥልጣኑ የፖሊስና የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። ማብራሪያዎን ከመሻገርዎ በፊት ይጨርሱ። መሐል መንገድ ላይ «በስተግራችሁ የምታዩት» ካሉ 30 ራስ በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ይዞራል።

አዛውንት ካሉ ሒሳቡን በእነሱ እርምጃ ይሥሩ። በሰከንድ 0.9 ሜትር ለሚራመድ ሰው 14 ሜትር መንገድ ከ15 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ ለፈጣኑ 12 ሰከንድ ይበቃዋል። የእግረኛው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር በብዙ አገር ትርጉሙ «የጀመርክ ጨርስ፣ ያልጀመርክ አትጀምር» ነው። የቀረውን ሰከንድ የሚቆጥር ሰሌዳ ቢኖርም ሕጉ አይለወጥም። ሰዎች ግን 6 ሰከንድ ቀረ ሲል «እደርሳለሁ» ብለው ይነሳሉ፤ ከቡድንዎ አንዱ ከተነሳ ደግሞ ሁሉም ይከተለዋል። ይህን አስቀድሞ መናገር የአስጎብኚው ኃላፊነት ነው።

ጥያቄ፦ መኪና በግራ በሚነዳበት አገር ለእረፍት ልሄድ ነው። በእግርም በኪራይ መኪናም እንቀሳቀሳለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ በእግርዎ ሲሆኑ ጠላትዎ ልማድዎ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ያደገ ሰው ከጠርዙ ሲወርድ ሳያስበው መጀመሪያ ወደ ግራ ያያል፤ በብሪታንያ፣ በኬንያ፣ በህንድ፣ በታይላንድ፣ በጃፓንና በአውስትራሊያ ግን የቅርቡ መኪና የሚመጣው ከቀኝ ነው። ለንደን ውስጥ ብዙ መሻገሪያ ላይ «ወደ ቀኝ ይመልከቱ» የሚል ጽሑፍ አስፋልቱ ላይ የተጻፈው ለዚህ ነው። የትኛው አገር የትኛው ነው ብሎ ከማስታወስ ይልቅ አንድ ቋሚ ልማድ ይያዙ፦ በጠርዙ ይቁሙ፣ በሁለቱም በኩል ይዩ፣ መጀመሪያ ያዩትን ደግመው ይዩ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት መንገድ ላይም ይህን አይተዉ፤ አውቶቡስ ወይም ብስክሌት በተቃራኒው እንዲሄድ የተፈቀደባቸው መንገዶች አሉ።

ትራም ባለበት ከተማ ዜብራ ሁልጊዜ ቅድሚያ አይሰጥዎትም። በጀርመን ሕግ ለምሳሌ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ዜብራ ላይ ለእግረኛ የመቆም ግዴታ የለበትም፤ የመቆሚያው ርቀትም ከመኪና በጣም ይረዝማል። የኤሌክትሪክ መኪናም በዝግታ ሲሄድ ሞተሩ አይሰማም። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 138 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድምፅ እንዲያሰማ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው፤ ሁሉም አገርና ሁሉም አሮጌ መኪና ግን በዚህ ደንብ አይገዛም። ጆሮዎን ሳይሆን ዓይንዎን ይመኑ።

አረንጓዴ በርቶልዎትም የሚታጠፈውን መኪና ይጠብቁ፤ በብዙ አገር ለእግረኛውና ለታጣፊው በአንድ ጊዜ ይበራል። በአሜሪካና በካናዳ አብዛኛው ክፍል ደግሞ ሹፌር ቀይ በርቶበትም ቆሞ ካየ በኋላ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈቀድለታል፤ በኒው ዮርክ ከተማ ግን በምልክት ካልተፈቀደ ክልክል ነው። ያ ሹፌር የሚያየው ከግራው የሚመጣውን መኪና ስለሆነ፣ ከቀኙ የሚራመደውን እግረኛ ሳያይ መኪናውን ያነሳል። ፊቱ ወደ እርስዎ ካልዞረ ፊቱን አልፈው አይሂዱ።

የኪራይ መኪናው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ማቆሚያው ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆዩ። ብዙ ጊዜ የፍሬቻውና የዝናብ መጥረጊያው መያዣ ቦታ ተለዋውጦ ያገኙታል፤ ይህን ዜብራ ፊት መማር የለብዎትም። መንገድ የሚመራዎት ስልክ ላይ የሚሄዱበትን አድራሻ ቆመው ያስገቡ፣ ድምፁን ይክፈቱ፣ ስልኩን ከፊት መስታወቱ መሐል ያንሱት። የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ የሚደግፈው ምሰሶ በ20 ሜትር ላይ ያለን ሰው ሙሉ በሙሉ ሊጋርድ ይችላል፤ በለመዱት መኪና ሳያስቡት አንገትዎን ያንቀሳቅሱ ነበር፣ መሪው በሌላ በኩል ሲሆን ግን ያ ልማድ ይጠፋል። ሲታጠፉ ከወገብዎ ወደፊትና ወደኋላ ዘንበል ብለው ከምሰሶው ጀርባ ይዩ።

ጥያቄ፦ ሱቃችን ጎብኚ በሚበዛበት ዜብራ ፊት ነው። መኪና አይቆምም። ለከተማው አስተዳደር ምን ብለን እንጠይቅ?

መልስ፦ «መኪና ይሮጣል» ብቻ ካላችሁ መልሱ «እናየዋለን» ይሆናል። ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ከዜብራው በፊት ባለው መንገድ 50 ሜትር ለኩና ሁለቱን ጫፎች በኖራ ምልክት አድርጉ። በስልክ ሰዓት መቁጠሪያ ያዙ፦ 50ውን ሜትር በ6 ሰከንድ ያለፈ መኪና 30 እየሄደ ነው፣ በ3.6 ሰከንድ ያለፈው 50። 100 መኪና መዝግቡ፤ ጥቂቱን ፈጣኑን ብቻ መርጣችሁ አትጻፉ፣ በተከታታይ ይሁን። በሌላ ወረቀት ላይ እግረኛ ቆሞ እያለ ስንት መኪና እንዳለፈ ጻፉ። በቀትርና ከመሸ በኋላ ለየብቻ ይሠራ።

ከዚያ የምትጠይቁትን በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ርካሹና ፈጣኑ መኪና እንዳይቆም መከልከል ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ከዜብራው በፊት 5 ሜትር ውስጥ ማቆም ክልክል ነው፤ የቱሪስት አውቶቡስ በሚቆምበት ቦታ ግን 5 ሜትር አይበቃም፣ 15 ብትጠይቁ እንደግፋችኋለን። ምልክት ብቻ ተተክሎ ቢቀር አውቶቡሶቹ ስለማይታዘዙት አጭር ምሰሶ ወይም የአበባ ሳጥን እንዲቀመጥ ጠይቁ፤ ሳጥኑ ከነተክሉ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ አለበለዚያ ራሱ ልጅ ይጋርዳል። ቀጥሎ የእግረኛውን መንገድ በዜብራው ቦታ ወደፊት ማውጣት ነው፤ 10 ሜትር የነበረው ወደ 7 ከጠበበ እግረኛው መንገድ ላይ የሚቆየው በ2.5 ሰከንድ ያጥራል። መንገዱ ሰፊ ከሆነ መሐል ላይ ማረፊያ ይሠራ፣ ስፋቱ ግን ከ2 ሜትር አይነስ፤ ከዚያ ካነሰ የሕፃን ጋሪ አፍንጫው ወይም ጅራቱ መኪና መንገድ ላይ ይቀራል።

ፍጥነትን በእርግጥ የሚቀንሰው ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራ ነው። ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ላይኛው ጠፍጣፋ፣ መውጫው የተዘረጋ ይሁን። የዝናብ ውኃ መፍሰሻ ካልታሰበበት ጠርዙ ላይ ኩሬ ይሠራና እግረኛው ኩሬውን ሸሽቶ ከዜብራው ውጪ መሻገር ይጀምራል። መብራትም ጠይቁ፣ ግን ቦታውን ግለጹ፦ ምሰሶው መኪና ከሚመጣበት በኩል ከዜብራው ትንሽ ቀደም ብሎ ይተከል። በቀጥታ ከአናት በላይ ወይም ከኋላ ሲሆን ሹፌሩ የሚያየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ጌጠኛ ድንጋይ በተነጠፈበት ጎዳና ነጩ ቀለም ቶሎ ስለሚለቅ፣ መስመሩ በነጭ ድንጋይ እንዲሠራ ወይም ቀለሙ ከጎብኚው ወቅት በፊት እንዲታደስ በደብዳቤው ጨምሩበት።

ከሥራው በኋላ በዚያው 50 ሜትር፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌላ 100 መኪና ለኩና ሁለቱን ወረቀቶች አያይዛችሁ መልሳችሁ አስገቡ።