መልስ፦ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ጫማ ለጋሪ ፈረስ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ ቪዲዮ ላይ ያየኸውን በሙጫ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ጫማ ኮምቦልቻ ለሚሠራው የጋሪ ፈረስህ ላድርግለት ወይ ላልከው፦ ጥቅም የለውም አልልም። ኮቴው ተሰነጣጥቆ ሚስማር አልይዝ ላለ ፈረስ ደህና መላ ነው፤ አስፋልት ላይም ከብረት ይልቅ ንዝረቱን ያበርዳል። ግን ኮቴ በወር እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ጫማው የፈለገው ዓይነት ይሁን በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ወልቆ ኮቴው መከርከም አለበት። ሙጫው አልለቀቀም ብለህ ከተውከው የኮቴው ፊት ይረዝምና ጅማቱን ይወጥረዋል፣ ከሥር የታፈነው እርጥበትም ኮቴውን ያበሰብሰዋል። በጫማውና በኮቴው መካከል ገብቶ ተረከዝ የሚያስነሳውን ሽብልቅማ ሐኪም ካላዘዘ አትንካው! ለማንኛውም ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት እግሩን አንስተህ እይ። ከኮቴው ሥር መሃል ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ከጠቆረና ከገማ፣ ጫማው ይቆይና መጀመሪያ እሱን አጽዳ፣ የሚቆምበትንም ቦታ አድርቅ። ወደ ደሴ ዳገት የምትወጣ ከሆነ ደግሞ ያለቀ የብረት ጫማ እርጥብ አስፋልት ላይ ክፉኛ ያንሸራትታል።