የዲዝኒን የምግብ እቅድ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ፤ ከቨርጂኒያ ነው የምጽፍልሽ። ለፈረንጅ ገና የትምህርት ቤት ዕረፍት ፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው። አራት ሌሊት እዚያው ዲዝኒ ሆቴል እናድራለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጃችንና የ7 ዓመት ወንድሟ ነን። ትንሹ ኦቲዝም አለበት። የሚበላው በጣት የሚቆጠር ነው፦ ወጥ ያልነካው እንጀራ፣ ነጭ ሩዝ፣ የተላጠ ፖም፣ ከዚያ ደግሞ የለመደው ፓኬት ውስጥ ያለ ችክን ነጌት። አንዱ ምግብ ሌላውን ከነካው ሳህኑን ይገፋዋል። ባለቤቴ «የምግብ እቅዱን (የምንበላውን አስቀድሞ መክፈያውን) ገዝተን እንገላገል» ይላል። እኔ ገንዘቡ ያሳዝነኛል። ለልጁ የወረፋ ፈቃድ ካገኘን ለምግብ ቤትም ይሠራል? እንጀራ ይዤ ልግባ ስል ደግሞ ባለቤቴ «ልታሳፍሪን ነው» አለኝ። ምን ትያለሽ?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦

እህቴ፣ እኔ ብሆን አልገዛም። የኔም ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ አሁን 12 ሞልቶታል። እቅዱን አንዴ ገዝቼ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

ሒሳቡን እንይ። እቅዱ በኮቪድ ጊዜ ተቋርጦ በጃንዋሪ 2024 ነው የተመለሰው። ያኔ ርካሹ ዓይነት በአንድ ሌሊት ለአዋቂ 57 ዶላር ገደማ፣ ለልጅ 24 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። በዚህ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ሰው በሌሊት ሁለት ፈጣን ምግብና አንድ መክሰስ ታገኛላችሁ። ሆቴሉ ውስጥ መጠጥ የምትሞሉበት ኩባያም ይሰጧችኋል። ነገር ግን እነሱ «ልጅ» የሚሉት ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለውን ነው። የ11 ዓመቷ ልጅሽ እዚያ አዋቂ ናት! ለአንዱ ገዝቶ ለሌላው መተውም የለም፤ አብሮ የተመዘገበ፣ 3 ዓመት የሞላው ሁሉ ያንኑ እቅድ ይገዛል። ስለዚህ ሦስት አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር፣ በ2024 ዋጋ እንኳ በሌሊት 195፣ በአራት ሌሊት 780 ዶላር። ከአራታችሁ አንዱ ፖም ነው የሚበላው። አንዳንዴ ለልጆች በነጻ የሚሰጡበት ጊዜ አለ፤ ያኔም አዋቂው ይከፍላል።

ደግሞ ትጾሚያለሽ? አልጠቀስሽውም። ፈረንጁ ገናን ሲበላ እኛ ገና ጾም ላይ ነን። በዲዝኒ የምግብ ዝርዝር ላይ የቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ ስለሆነ ለጾም ይሆናል፤ አንቺ አትራቢም። ግን የጾም ሰውና ምግብ የሚመርጥ ልጅ ያለበት ቤት አስቀድሞ የከፈለውን ምግብ እንዴት አድርጎ ይጨርሰዋል?

እኛ አልጨረስነውም። የመጨረሻው ቀን ዘጠኝ ምግብ ተረፈን። ከሆቴል በምትወጪበት ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይቃጠላል። እኔና ባለቤቴ የሆቴሉ ምግብ አዳራሽ ገብተን፣ ያልራበንን ሰዎች፣ ሳንድዊች በትሪ እየጫንን ነበር። ልጄ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ከቤት ያመጣሁለትን ሩዝ ይበላል። አንድ አንድ ፍሬ እያነሳ። እሱ ብቻ ነበር በሰላም የበላው።

አሁን ወደ ጥሩው ነገር። ፓርኩ ውስጥ የራስሽን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ማሞቅ የማያስፈልገው ይሁን፤ የብርጭቆ ዕቃ አይገባም፤ ዝም ብሎ የተበተነ በረዶም አይፈቀድም፣ በረዶ ፓክ ያዢ። እንጀራው አውሮፕላንም ላይ ችግር የለበትም። ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ፍሪጅ ታገኛላችሁ። ማይክሮዌቭ ግን ተራ ክፍል ውስጥ አትጠብቂ፤ ሩዙን ጠዋት የሆቴሉ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ታሞቂያለሽ። ነጌቱን እኔ ሳህን ላይ አላወጣለትም ነበር። ባዶውን ፓኬት ከቤት ይዤ ሄጄ የእነሱን ነጌት እዚያው ውስጥ ጨመርኩለት። በላ። ያንቺ ልጅ ይሸወድ አይሸወድ አላውቅም፣ የኔው አንዴ ብቻ ነው የተሸወደው።

ለእናንተ ለሦስታችሁ ከስልክ ላይ እዘዙ። የዲዝኒ መተግበሪያ ላይ የምትደርሱበትን ሰዓት ትመርጫለሽ፤ ስትደርሱ መድረሳችሁን ትነኪያለሽ፤ ወረፋ የለም። ምሳን ከእኩለ ቀን አንድ ሰዓት አስቀድሙ። በዚያ ሳምንት ሰዉ ጉድ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ወንበር ፍለጋ ልጅ ይዞ መዞር አይሞከርም።

የወረፋ ፈቃዱ ዲ.ኤ.ኤስ. ይባላል። አንዳንዱ «ዳስ» ሲለው እኔ የሰርግ ድንኳን መስሎኝ ነበር። እንደ ኦቲዝም ያለ ችግር ላለበት፣ መደበኛ ወረፋ ለረጅም ጊዜ መጠበቅ ለማይችል ሰው ነው። ከጉዞው በፊት በቪዲዮ ያነጋግሩሻል። የሚሠራው ለመጫወቻው እንጂ ለምግብ ቤት አይደለም። አስተናጋጅ በሚያስተናግድበት ምግብ ቤት ቦታ የሚያዘው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያዙ፤ የዲዝኒ ገጸ ባሕርያት ልብስ የለበሱ ሰዎች እየዞሩ የሚያቅፉበትን ግን ተዪው። እኛ አንዱ ጋ ገብተን፣ ትልቁ አይጥ፣ ሚኪ ማውስ፣ ከኋላ መጥቶ ትከሻውን ሲነካው ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ። ሃያ ደቂቃ እዚያው ቆየን፤ ባለቤቴ ከላይ ዳቦ ያቀብለናል።

አንድ ቦታ ልብ በይልኝ፦ የሕፃናት መንከባከቢያ ማዕከል (ቤቢ ኬር ሴንተር)። አራቱም ፓርኮች ውስጥ አለ፤ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ክሪስታል ፓላስ ምግብ ቤት አጠገብ ነው። ማይክሮዌቭም አለው። ከሁሉም በላይ ጸጥታ አለው። ልጄ ጆሮውን ይዞ ማልቀስ ሲጀምር ሮጠን የምንገባው እዚያ ነበር።

ስለ እንጀራው ባለቤትሽን እንዲህ በዪው። በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ሰውዬ የኔን ጥቅል እንጀራ በላስቲኩ ላይ ዳበስ ዳበስ አደረገና «ፎጣ ነው?» አለኝ። «ምሳ ነው» አልኩት። «መልካም ምሳ» ብሎ አሳለፈን።