«ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ወደ ኮምፒውተር ጥገና የምትገቡ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ከእኔ ውሰዱ። ዕቃ «ሞቷል» ብላችሁ አትፍረዱ፤ መጀመሪያ ማሽኑን ጠይቁት።

ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዛልኝ መጣች። የሁለት ዓመት ጥናቷ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቅጂ የላትም። ሰካሁት፤ መብራቱ በራ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አልመጣም። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ያው ነው። «ዲስኩ ሞቷል፣ የኔ ልጅ» አልኳት። ዲስኩን ትታልኝ ሄደች። በሦስተኛው ቀን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቶ ጥቂት መስመር አነበበ፤ ገመዱን ቀየረና ዲስኩን ከፈተው። ፋይሎቿ አንድም ሳይጎድል ተገኙ። እሷ ግን ሦስት ሌሊት አልቅሳለች፤ ያስለቀስኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ልጁ ያደረገውን ላሳያችሁ። ሊነክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ተርሚናል ላይ ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዛችሁ በትንንሽ ፊደል ጻፉና ኢንተር ንኩ፤ የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች ይዘረዝርላችኋል። ዕቃውን ከመሰካታችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሰካችሁ በኋላ አንድ ጊዜ። በሁለተኛው ላይ የተጨመረችው መስመር የዕቃችሁ ናት። መስመሯ ካለች ማሽኑ ዕቃውን አይቶታል፤ እንግዲህ ችግሩን ድራይቨሩ (ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም)፣ ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍፍል) ወይም የመክፈት ፈቃዱ ላይ ፈልጉ። ከሌለች ገመድ፣ ፖርት (መሰኪያው ቀዳዳ) ወይም ኃይል ነው የሚጠረጠረው፤ ዕቃው ራሱ የሚጠረጠረው በመጨረሻ ነው። ሶፍትዌር እንደገና በመጫን ቀን የሚያባክን ብዙ ሰው ይህችን ጥያቄ ዘሎ ነው።

መስመሯን ስታነቡ «አይዲ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያዙ። ለምሳሌ 0403:6001 ቢል፣ የመጀመሪያዎቹ 4 አኃዞች አምራቹን፣ ቀጣዮቹ 4 ደግሞ ምርቱን ይነግሯችኋል፤ ይህ ኤፍቲዲአይ የተባለው አምራች ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል (የቆየ የመረጃ መስመር) የሚቀይርበት ቺፕ ነው። ካርቶኑ ላይ የታተመው የሻጩ ስም ብዙ ጊዜ ስለ ቺፑ ምንም አይናገርም። ድራይቨር ስትፈልጉ በዚህ ቁጥር ፈልጉ። የዲቫይስ ቁጥሩን ግን አትያዙ፤ በነቀላችሁና በሰካችሁ ቁጥር ይለወጣል። ከአይዲው ጎን ስም ካልተጻፈም አትደንግጡ። ስሞቹ ኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጠ ዝርዝር የሚመጡ ስለሆኑ አዲስ ዕቃ እዚያ ላይገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ትዕዛዝ ዲሜሴጅ ነው፤ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ተብሎ ይጻፋል። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራውን ሱዶ የሚለውን ቃል አስቀድማችሁ፣ ሰረዝ ደብልዩ ጨምራችሁ ክፈቱትና ዕቃውን ሰክታችሁ ተመልከቱ፤ ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ የሚያየውን ወዲያው ይጽፋል። በዚያች ልጅ ዲስክ ላይ «ኢረር -71» የሚል መስመር ደጋግሞ ይመጣ ነበር። ከርነሉ ከዕቃው ጋር ንግግር ጀምሮ መልሱ ተበላሽቶ ሲደርሰው የሚጽፈው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገመድ ወይም ፖርት ነው። በዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ 4 ሽቦ አለ፤ ሁለቱ ኃይል ያስገባሉ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። የኃይሎቹ ደህና ነበሩ፤ መብራቱ የበራው ለዚህ ነው። መብራቱን አምኜ ገመዱን ሳልጠረጥር ቀረሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የቸኮልኩት በሰው ሀብት ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ ላይ ሰረዝ ቲ ጨምሩበት፤ ማን በማን ላይ እንደተሰካ እንደ ዛፍ ይዘረጋላችኋል፣ ፍጥነቱንም ጭምር። የዩኤስቢ 3.0 ዲስክ ሰክታችሁ በሰከንድ 5000 ሜጋቢት በሚጠበቅበት ቦታ 480 ካያችሁ ገመዱ ወይም ፖርቱ የ2.0 ነው። 400 ጊጋባይት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ገደማ የሚበቃው ዲስክ ከሦስት ሰዓት በላይ ያስቀምጣችኋል፤ ሰውም «ዲስኩ ደከመ» ብሎ አዲስ ይገዛል። ኃይልንም አትርሱ። የ2.0 ፖርት ለአንድ ዕቃ እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ የ3.0 እስከ 900 እንዲሰጥ ነው የተደነገገው፤ የራሱ ኃይል የሌለው ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ) ላይ ሁለት ዲስክ መደርደር ሁለቱንም ማስራብ ነው።

ይኸው ዛፍ የዕቃውን ዓይነትም ይጽፋል። ፍላሽ የማከማቻ ዕቃ ነው ሊል ይገባል። ፍላሽ ተብሎ የተሰጣችሁ ነገር ኪቦርድ ነኝ ካለ ወዲያው ንቀሉት። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርስተን ኖል እና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች የፍላሽን ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) ለውጠው ኪቦርድ መስሎ ትዕዛዝ እንዲጽፍ ማድረግ እንደሚቻል ብላክ ሃት በተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ላይ አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ገና ሲሰካ ነው ሥራውን የሚጀምረው። ስለዚህ ምንጩን የማታውቁትን የደንበኛ ማሽን ላይ ሳይሆን ምንም ፋይል በሌለበት መሞከሪያ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ እዩት።

ተማሪዋ ዲስኳን ልትወስድ ስትመጣ ይቅርታ ጠየቅኳት። የድሮ ገመዷንም ጠየቀችኝ። አልሰጠኋትም፤ ሌላ ሰው እንዳይሰካው ፊት ለፊቷ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩትና አዲስ ገዛሁላት።