ወንድሜ ሌባ ሲይዝ የሚሰበረው የጎረቤት ጣሪያ ነው

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዕድሜው 24፣ ሥራው በርጩማ መጥረብ። ከመስከረም ወዲህ እንግዳ ጉልበት መጥቶበታል። ከየት እንደመጣ አይጠይቁኝ። ሐኪም አይቶታል፤ ደሙም ልቡም የጤነኛ ሰው ነው ተብሏል። ቆሞ ሲዘል ሦስት ፎቅ ያህል ይነሳል፤ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ በአንድ እጁ እንደ ትራስ ይወረውራል።

ልቡ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ሰፈራችን ቆጪ ስልክ ነጣቂ ስለበዛ ራሱን ዘበኛ አደረገ፤ ማታ ማታ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ይጠብቃል። ሰፈሩ «አባ ጣራ» ብሎታል። መጀመሪያ በፍቅር ነበር፣ አሁን በምሬት ነው።

የሕንፃ መሣሪያ መደብር ስላለኝ ጉዳቱን በደብተር እይዛለሁ። በስድስት ሳምንት ውስጥ 11 ቤት ላይ 37 ቅጠል ጂ-32 (የውፍረት ቁጥሩ ነው) ቆርቆሮ ተበላሽቷል። አንድ የመብራት ምሰሶ ላይ ዘሎ አጋደለውና ሰፈሩ ሁለት ሌሊት ጨለመ። ነጣቂ የጫነ ባጃጅ ከኋላ ጥጉን ይዞ ሲጎትት ተገለበጠ፤ ውስጡ ተሳፍራ የነበረች እናት ግንባሯ ተሰፋ። አንዱን ሌባ በአንድ እጁ የብረት በር ጨብጦ፣ በሌላው ኮሌታውን ሲነጥቀው የሌባው ትከሻ አጥንት ተሰበረ። ሌላውን ምሰሶ ላይ በሽቦ አስሮ አሳደረው፤ የልጁ ቤተሰብ አሁን ሊከሰን ነው። አምስት ሌባ ይዞ ክስ የተመሠረተበት አንዱ ብቻ ነው። ቤት ውስጥማ ተዉት፦ የቧንቧ እጀታ፣ ሁለት ቁልፍ፣ ከስድስት ሲኒ አምስቱ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ጅሬን ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ሆኜ ከተማውን ሳየው አደርኩ» አለኝ። ተው ስለው «ታዲያ ፈጣሪ ይህን ለምን ሰጠኝ?» ይላል። ለፖሊስ ልንገርበት? ካሳውን ማን ነው የሚከፍለው? ሳያለዝቡ ይንገሩኝ።

የአባ ጣራ እህት፣ ከቆጪ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከየት መጣ የሚለውን ትቼዋለሁ፤ ደብተርሽ ይበቃኛል። ጣሪያው፣ ባጃጁ፣ የሌባው ትከሻና ሲኒዎቹ አራት ጥፋት ይመስላሉ፤ ምክንያታቸው ግን አንድ ነው። ወንድምሽ ጉልበት ተጨመረለት እንጂ ክብደትም ፍሬንም አልተጨመረለትም።

ጣሪያውን ላስቀድም። ሦስት ፎቅን 10 ሜትር እንበለው። ከዚያ የወረደ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጉልበቱን አጥፎ (ይኸኛው ጉልበት የእግሩ ነው) በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ እግሩ ሥር ያለው ነገር የሚሸከመው 70 ኪሎ ሳይሆን 1,500 ኪሎ ያህል ነው። ሲነሳም በዚያው ልክ ወደ ታች ይረግጣል። ስለዚህ በየጣሪያው ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው፦ ሲያርፍና ሲነሳ። ባህር ዛፍ ወራጅ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ደግሞ የታሰበው ለዝናብ፣ ለነፋስ፣ ቢበዛ ሚስማር ሚስማሩን እየረገጠ ለሚሄድ አናጺ ነው።

ቆርቆሮ እየሸጥሽ ይህን ሳታውቂው አትቀሪም፤ ጎረቤቶችሽ ግን አያውቁትም፦ የቆርቆሮ ጥንካሬው ሞገዱ ነው። ሞገዱ አንዴ ከተደፈጠጠ በመዶሻ ቢቃናም ተራ ላሜራ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሞገዱን አቋርጦ የተሰበረ ቅጠል አይጠገንም፣ ይቀየራል። ይበልጥ የሚያታልለው ምንም ያልሆነ የሚመስለው ነው። የእግሩ ምት ቆርቆሮውን አርገብግቦ የሚስማሩን ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ ከታች ሲታይ ደህና ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ኮርኒሱ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ይወጣል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ኮርኒስ ውስጥ ገብታችሁ በጨለማው የብርሃን ነጥብ ፈልጉ፤ ነጥብ በታየበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከቆርቆሮው በፊት ወራጁን እዩ፤ በተሰነጠቀ ወራጅ ላይ አዲስ ቅጠል መምታት ገንዘብ መጣል ነው። ሲመታ የጎን መደራረቢያው አንድ ተኩል ሞገድ፣ የላይና የታቹ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሚስማሩ ከነጎማው በሞገዱ ጫፍ ላይ እንጂ በሸለቆው አይግባ፣ ውሃ የሚሄደው በሸለቆው ነውና። በጋ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ጅማ ላይ ዝናብ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ወደ ባጃጁ። ሹፌሩና ሦስት ተሳፋሪ ያሉበት ባጃጅ 600 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲመጣ ወንድምሽ ፊቱ ቢቆም፣ ክንዱ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ባጃጁ አይቆምም፤ እሱን ይዞት በ36 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይቀጥላል። መሬቱን የሚይዘው በ70 ኪሎው ልክ ነው፤ ጫማው ይንሸራተታል። ግንብ ተደግፎ ቢያቆመው ደግሞ የባሰ ነው፦ ባጃጁ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይቆማል፣ ቀበቶ ያላሰረው ተሳፋሪ ግን አይቆምም፣ መስታወቱን ወይም የሹፌሩን ጀርባ ያገኛል። ከኋላ ጥጉን ሲስበው የተገለበጠውም ባለ ሦስት እግር ስለሆነ ነው። ፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነውና ከጥግ የተሳበ ባጃጅ በዚያ ጎማ ላይ ዞሮ ይተኛል። የሚሄድ ባጃጅ መንካት ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው በይው። ታርጋውን ያንብብ፤ ለዚያ የሰው ዓይን ይበቃል።

የሌባውም ሂሳብ ያው ነው። 60 ኪሎ የሆነ ሰው በሴኮንድ 5 ሜትር እየሮጠ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ኮሌታው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ750 ኪሎ በላይ ነው። ትከሻ ብቻ መሰበሩ ዕድል ነው፤ አንገት ሊሆን ይችል ነበር። ያንኑ ሰው ጎን ለጎን እየሮጠ፣ ቀበቶውን ይዞ፣ በ5 ሜትር ርቀት ቀስ እያደረገ ቢያቆመው የሚያስፈልገው 15 ኪሎ ያህል ኃይል ነው። 15 ኪሎ እኮ አንቺም አለሽ! ወንድምሽ መማር ያለበት ይህችን አንዷን ነገር ነው፦ ለሚያቆመው ነገር ሁሉ ርቀት ይስጠው።

ምሰሶው ከሁሉ በላይ አስፈርቶኛል። ምሰሶ ሲያጋድል የረገቡት ሽቦዎች ይነካካሉ፣ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ ይጨልማል፤ ጨለማ ደግሞ ለነጣቂ ሠርጉ ነው። እናንተ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ ከላይ ከላይ የሚያልፈው መስመር ግን 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ «ልቡ የጤነኛ ሰው ነው» ያለው ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ዜና አይደለም፤ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ልብ በኤሌክትሪክ ይቆማል ማለት ነው። ሽቦ መሬት ላይ ከወደቀ ማንም ከ10 ሜትር በቅርብ አይድረስ። ቀርቦ የተገኘ ሰው እግሮቹን አጣብቆ፣ ከመሬት ሳያነሳ፣ እየጎተተ ይራቅ። መሬቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ በተራራቁ ሁለት እግሮች መካከል ያልፋል። ወንድምሽ ደግሞ ሲደነግጥ መዝለል ነው የሚቀናው፤ እዚያ ላይ መዝለል የለም። ወዲያው ለመብራት ኃይል 905 ደውሉ።

ሕጉ ጋ ስንመጣ፣ ከአምስት ሌባ አንዱ ብቻ የተከሰሰው ፖሊስ ስለሰነፈ አይደለም። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንኛውም ዜጋ መያዝ እንደሚችል የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 50 ይፈቅዳል። የፈቀደው ግን መያዝን ነው፤ መቅጣትንም ማሳደርንም አይደለም። የያዘ ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያዛል፤ ምሰሶ ላይ ያደረባት ሌሊት ግን የትኛውም መዝገብ ላይ የለችም። በሽቦ ታስሮ ያደረ ልጅ ጠዋት ሲገኝ ተጠርጣሪ መሆኑ ይቀርና ተበዳይ ይሆናል። የተነጠቀው ስልክ በዝላይ መሀል ይወድቃል፣ ባለቤቷ ፈርታ ቤቷ ትገባለች፤ ዓቃቤ ሕግ ያለ ዕቃና ያለ ምስክር ምን ይዞ ይክሰስ? «ሰው ለማዳን ነው» የሚለውም ልክ አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ በዚያው ሰዓት የሚደርስ ሆኖ ሌላ መላ ሲታጣና ምላሹም ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። ለስልክ ተብሎ የተሰበረ ትከሻን ለዳኛ ማስረዳት ከባድ ነው።

ስለዚህ ሲይዝ እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ ሌላ ሰው ለፖሊስ 991 ይደውል። ሌባውን ቁጭ ያድርገው፤ እጁን ይያዝ እንጂ አይሰር። የተነጠቀችውን ሰው ስሟንና ስልኳን ጠይቆ እዚያው እንድትቆይ ይለምናት፤ ሁለት ያዩ ሰዎችም ይመዝገቡ። ስልኩን ራሱ አያንሳው፤ እሱ ካነሳው እንደ ሲኒው ይሆናል። የተጎዳ ካለ 907 አምቡላንስ ይጠራ፤ አጥንቱ የተሰበረን ሰው ተሸክሞ ጣሪያ ለጣሪያ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ የሚባል ነገር የለም።

ለፖሊስ ልንገርበት ወይ ላልሽው፣ አንቺ አትንገሪበት፣ እሱ ራሱ ይሂድ። የልጁ ቤተሰብ ከመክሰሱ በፊት ጠበቃ አማክሮ፣ አንቺን ይዞ፣ ቃሉን ይስጥ። ካሳን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 አጭር ነው፦ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። በቁጥር 2143 መሠረት ተጎጂዎቹ ለመክሰስ ሁለት ዓመት አላቸው፤ «ረስተውታል» ብላችሁ እንዳትተኙ። የሚከፍለው እሱ ነው፤ አንቺ እህቱ ስለሆንሽ ብቻ ባለዕዳ አትሆኚም። ለ11ዱ ቤቶች ግን ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤቶቻችሁ ጃርሱማ (የሽማግሌ ዕርቅ) ያውቃሉና ሽማግሌ ላኩ፤ ቤት በቤት ስንት ቅጠል፣ ስንት ወራጅ፣ በስንት ቀን እንደሚተካ ጽፋችሁ በምስክር ተፈራረሙ። ቆርቆሮውን ባመጣሽበት ዋጋ ብትሰጪው፣ አናጺውና ተሸካሚው እሱ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በመሰላል ወጥቶ፣ በመሰላል ወርዶ። የትከሻውና የግንባሯ ጉዳይ ግን በሽምግልና ብቻ የሚያልቅ አይምሰላችሁ።

ስለ ጅሬን ብዙ አልናገርም፤ ብናገር እሳደባለሁ። አባ ጅፋር በፈረሳቸው ስም ነው የተጠሩት፤ ወንድምሽ በሰበረው ጣራ ስም ይጠራ ካላችሁ ይጠራ፤ ያ ቤተ መንግሥት ግን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የእንጨት ሥራ ነው። በርጩማ የሚጠርብ ሰው አሮጌ እንጨት ከውስጥ እንዴት እንደሚደክም ሊነገረው አይገባም። መውጣቱን ለሚጠብቁት ሰዎች ይንገር፤ የረገጠበትንም ያሳይ።

«ለምን ሰጠኝ?» ላለው፣ ጊዜ የሚፈጅና ክብደት ያለው ሥራ ጅማ ውስጥ ሞልቷል፦ ክረምት ላይ ጭቃ የያዘው መኪና፣ አዌቱ ወንዝ ዳር በቆሻሻ የተደፈነ ቦይ፣ በቡና ወቅት የሚጫን ጆንያ። እነዚህ ርቀትም ጊዜም ይሰጡታል። ለሌሊቱ ሰፈሩ ተራ ይግባ፤ ፊሽካና ባትሪ ይበቃል፤ እሱም ተራው ሲደርስ መሬት ላይ ይቁም።

እስከዚያ ግን እጁን ያሠልጥን። የጆንያ ሚዛን አንጠልጥዪና ዓይኑን ጨፍኖ ይሳበው፤ 5 ኪሎ፣ 10፣ 20 በይው፣ አንቺ ቁጥሩን አንብቢ። ስህተቱ ከአንድ ኪሎ በታች እስኪሆን ሌላ ነገር አይጀመር። ቀጥሎ ጥሬ እንቁላል፤ በሙሉ መዳፍ ሳይሆን በጣት ጫፍ፣ በመዳፍ ሲጨበጥ እንቁላል ጠንካራ ስለሆነ አይለካም። ያንን ካለፈ እንቁላሉን እንደያዘ ከኋላው ድንገት በስሙ ጥሪው። ሰው የሚጨብጠው ሲደነግጥ ነው፤ ቧንቧውንም የሰበረው ሳያስበው ይመስለኛል። ዝላይ በቀን፣ ቤትም ሽቦም የሌለበት ሜዳ ላይ፣ ከአንድ ሜትር አይለፍ፤ ለዚያችም መሬቱ ከ200 ኪሎ በላይ ይሸከማል። በእያንዳንዱ ማረፊያ የኮቴውን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩና እዚያው ደብተርሽ ላይ ጻፊ።

ሲኒ የመጨረሻው ፈተና ነው፤ እሱም ከገበያ በሚገዛ ርካሽ ሲኒ ይሁን። የተረፈችዋን ስድስተኛዋን ቆልፈሽባት ቁልፉን ጎረቤት አስቀምጪ፤ ቤት ውስጥ ያለ ቁልፍ እሱን እንደማይመልሰው ደብተርሽ ላይ አይቻለሁ።