መልስ፦ አሮጌ ቤት ውስጥ ቅርጻ ቅርጽ ማየት ለፈለግኸው

ወንድሜ፣ «መሃል ከተማ አሮጌ ቪላ ውስጥ ቅርጻ ቅርጽ የሚታይበት ቦታ አለ ወይ?» ላልከው፣ እኔ ብሆን ስድስት ኪሎ ነበር የምሄደው። ቪላ ሳይሆን ቤተ መንግሥት ነው፤ ገነተ ልዑል። ጃንሆይ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት።

ውስጥ ገብተህ የኮንሶ ዋካ ፊት ቁም። ለሞተ ጀግና ከእንጨት የሚጠረብ ምስል ነው፤ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች ከጎኑ ይደረደራሉ። አትቸኩል፣ ፊቱን እየው።

ስትወጣ ደጅ ላይ ያለውን ደረጃ እንዳታልፈው። ፋሺስቶች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ለአንድ የሥልጣን ዘመናቸው ዓመት። ወደ የትም አያደርስም! ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ጉብ አለበት። ከከተማው ቅርጽ ሁሉ እኔ የምወደው ይሄን ነው፣ ቀልዱ ራሱ ይበቃል።

ከዚያ በእግርህ ወደ አምስት ኪሎ ውረድ። ከመውረድህ በፊት እዚያው ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ፤ የዩጎዝላቪያ ቀራጮቹ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሠሩት። ሰው ጫፉን አንጋጦ ያልፋል፤ አንተ ግን ታች ዙሪያውን ያሉትን የጭፍጨፋ ምስሎች ተመልከት። ብሔራዊ ሙዚየም ስትደርስ ሁሉም ወደ ድንቅነሽ ይሮጣል። ትግራይ ውስጥ ሐውልቲ የተገኘውን፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያሳረፈ የተቀመጠ የድንጋይ ምስል ፈልግ፤ ከአክሱም መንግሥት በፊት የተጠረበ ነው።

መታወቂያ መያዝህን እንዳትረሳ፣ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፍተሻ አለ።