ብርሃን ካልነካው አይሠራም

ሰላም። ካንሰርን ብርሃን በሚያነቃው ቀለም ስለሚያክመው ዘዴ፣ ማለትም ስለ ፎቶዳይናሚክ ሕክምና፣ «ቀለሙ በደም ሥር ተሰጥቶ መላ ሰውነት ከተዳረሰ፣ እንዴት ካንሰሩን ብቻ ይመታል?» ብለው ጠይቀዋል። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ቀለሙ ብቻውን ሴል አይገድልም። ብርሃንና ኦክስጅን ያስፈልጉታል። ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን አጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያሳልፋል። ያ ኦክስጅን ያገኘውን ሁሉ የሚጎዳ ይሆናል፤ ግን ሩቅ ሳይሄድ ይጠፋል። ስለዚህ ኢላማውን በዋናነት የሚወስነው ሐኪሙ ብርሃኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው።

ጊዜም ያግዛል። ፎቶፍሪን የሚባለውን ቀለም እንውሰድ፤ አሜሪካ በ1995 እ.ኤ.አ. ለምግብ ቧንቧ ካንሰር የፈቀደችው ነው። ከተሰጠ በኋላ ከ40 እስከ 50 ሰዓት ይጠበቃል። ከብዙው ጤናማ አካል እየወጣ ይሄዳል፣ ዕጢው ውስጥ ግን ይቆያል። ከዚያ 630 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ሌዘር በቀጭን ፋይበር ይገባል።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ አዲሱ መንገድ ነው፦ ቀለሙን የካንሰር ሴልን ለይቶ ከሚይዝ ፕሮቲን (አንቲቦዲ) ጋር ማጣበቅ። ጃፓን በ2020 እ.ኤ.አ. ለራስና አንገት ካንሰር ፈቅዳዋለች።

ግን ልብ ይበሉ፣ ይህ ቀይ ብርሃን ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ለተሰራጨ ካንሰር አይሆንም።

ሌላው ቆዳ ነው። ከፎቶፍሪን በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ከፀሐይ መጠበቅ ግድ ነው። የተለመደው የፀሐይ መከላከያ ክሬም አያድንም፤ ልብስ፣ ኮፍያና ጓንት ያስፈልጋል። ጨለማ ቤት መዘጋት ግን አያስፈልግም። መጠነኛ የቤት ውስጥ ብርሃን ቆዳ ላይ የቀረውን ቀለም ቀስ በቀስ ያከስመዋል።