ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሐዘኔ ደረጃውን አልጠበቀም፤ ታምሜ ይሆን?

ጥያቄ፦ በደብረ ሲና የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። አባቴ ካረፉ አምስት ወር ሆነ። ሐዘን ካለማመን ወደ ንዴት፣ ወደ ድርድር፣ ወደ ትካዜ፣ በመጨረሻም ወደ መቀበል ይሄዳል ሲባል አነበብሁ፤ እኔ ግን አንድ ቀን ረጋ ብዬ በማግሥቱ እናደዳለሁ። የሼክስፒርን ተውኔት ሐምሌትን ሳስተምር፣ አባቱ በሞተበት ልዑል በሐምሌት ራሴን አየሁ። ታምሜ ይሆን?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎ። አምስቱን ደረጃዎች በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ ሲሆኑ፣ መነሻቸውም ሞታቸውን ከሚጠብቁ ሕሙማን ጋር ያደረጉት ውይይት እንጂ ሰው የሞተባቸው ሐዘንተኞች አልነበሩም። ስለዚህ እንደ ክፍል ፈተና አንዱን አልፈው ወደሚቀጥለው እንዲዛወሩ አይጠበቅብዎትም። ሐምሌትም ቢሆን በሚወዳት በኦፊልያ መቃብር ላይ ከወንድሟ ጋር ከተናነቀ በኋላ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞትን በእርጋታ ሊቀበል ሲዘጋጅ እናየዋለን።

በእኔ አስተያየት ሐምሌትን ይበልጥ የጎዳው ሐዘኑን በወጉ እንዳይወጣ መከልከሉ ነው። አባቱ በሞተ ሁለት ወር ሳይሞላ እናቱ አጎቱን ታገባለች፤ ለለቅሶ የተዘጋጀው ምግብ ለሠርጉ ይቀርባል፤ እናቱ ጥቁሩን እንዲያወልቅ ስትለምነው፣ አጎቱ ደግሞ ሐዘን ማብዛት ለወንድ አይገባም ይለዋል። አባቷ በችኮላና በስውር የተቀበረባት ኦፊልያም አእምሮዋን ትስታለች። በእኛ በሰሜን ሸዋ ዕድርተኛው ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ መጥቶ፣ የሟቹ ስም በአርባውና በሰማንያው እየተነሣ ሐዘንተኛው እንዲያለቅስ መፈቀዱ ትልቅ ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው የተራዘመ ሐዘንን ሕመም የሚለው፣ ጽኑ ናፍቆቱና ሥቃዩ ቢያንስ ከስድስት ወር በላይ ሲዘልቅ፣ ከማኅበረሰቡ ባህልና ሃይማኖት ልማድ በግልጽ ሲያልፍና ኑሮን ሲያሰናክል ነው። እርስዎ ገና መንፈቁን አላወጡም፤ ሥራዎንም እየሠሩ ነው። በጻፉልኝ መጠን ሕመም አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እንቢ ካለዎት፣ ወይም ለመርሳት ብለው አረቄ ካበዙ፣ መንፈቁን ሳይጠብቁ ሐኪም ያማክሩ። አባትዎን ተከትለው መሞት ካሰኘዎት ግን ብቻዎን አይሁኑ፤ በዚያው ቀን ሰው አስከትለው በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ። ንዴትዎ በማን ላይ እንደሆነ አልጻፉልኝም። በራስዎ ላይ ከሆነ፣ «ቶሎ ባሳክማቸው ኖሮ» የሚል ጸጸት ብዙ ሐዘንተኞችን ያንገበግባልና ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሚያምኑት ዘመድ ሳይደብቁ ይንገሩ። ሐምሌትን ማስተማሩ ከከበደዎም፣ ለዚህ ዓመት ባልደረባዎ እንዲሸፍንልዎ ይጠይቁ።